ጥያቄው ከራቤል ተነሥቶ የት ይደርሳል? የሕዝብ ተወካይ የመጠየቅ ሥልጣንና የመሠረተ ልማት ጥያቄዎቻችን

(ለፋኩልቲው ማኅበረሰብ በተዘጋጀው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ)



የዛሬውን ንግግሬን ከአንድ ቃል ልጀምር። «ተጠያቂነት» እንላለን። ቃሉ በሕግ ሰነዶቻችን፣ በዕቅዶቻችንና በሪፖርቶቻችን ሁሉ ስለሚገኝ ጆሯችን ለምዶታል። ሥሩ ግን «ጠየቀ» የሚለው ግስ ነው። ተጠያቂ ማለት ሊጠየቅ የሚችል፣ ሲጠየቅም ቆሞ የሚመልስ ማለት ነው። እንግዲህ ጠያቂ በሌለበት ተጠያቂ የለም። አባቶቻችን ይህን በሚገባ ያውቁት ነበር፤ በጥንቱ ሙግት ተሟጋቹ ባላጋራውን «ተጠየቅ» ብሎ ሲያቆመው፣ ሰውየው ከጥላ ሥር ተነሥቶ ለቀረበበት ጥያቄ መልስ መስጠት ግዴታው ነበር። በዚህ ንግግር የማነሣው ጉዳይ ይኸው ሙግት ወደ ዘመናዊው ምክር ቤት እንዴት እንደ ገባ፣ ከገባም በኋላ ለአንድ የገጠር ድልድይ ወይም ለአንድ ጤና ጣቢያ መብራት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ነው።

ምሳሌዬን የምወስደው ከማውቀው ስፍራ ነው። የተወለድሁት በሰሜን ሸዋ፣ በግሼ ራቤል ወረዳ፣ ከራቤል ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ ነው። ወረዳው በደቡብ ከመንዝ ጌራ ምድር፣ በሰሜን ከደቡብ ወሎ ይዋሰናል። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና በግ፣ ውርጭና ገደል የሚበዛበት። በእንዲህ ያለ መልክዓ ምድር አንድ ወንዝ ሲሞላ የሚቋረጠው መንገድ ብቻ አይደለም፤ ገበያ፣ ትምህርት፣ ሕክምናም አብረው ይቋረጣሉ።

አንዲት እናት የጠየቁት

ከጦርነቱ ዓመታት በፊት ነው። ምክር ቤቱ የዓመቱን ዕረፍት በሚያደርግበት ወቅት አንድ የሕዝብ ተወካይ መራጮቹን ለማነጋገር ወደ ራቤል መጥቶ ነበር። እኔም ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ስለነበር በስብሰባው ተገኘሁ። ብዙ ሰው ተናገረ። የመንገድ ችግር አለብን፣ የውኃ ችግር አለብን፣ መብራት ይጠፋብናል ተባለ። በመጨረሻ አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡና እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመን እዚያ ወንዝ ስንደርስ ክረምት ከሆነ ቆመን እንጠብቃለን። የሚጎድል ጊዜ አለ፣ የማይጎድል ጊዜ አለ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ያ ወንዝ የማን ነው? የማን እንደሆነ ንገረንና ባለቤቱን እንጠይቀው።»

አዳራሹ ሳቀ። ተወካዩም ፈገግ ብሎ በማስታወሻው ጻፈ። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። በዚያ ቀን ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ በሕግ ዓይን ትክክለኛው እርሳቸው የጠየቁት መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ሦስት ሕገ መንግሥታት፣ ሦስት ዓይነት መጠየቅ

የሕዝብ ተወካይ ባለሥልጣንን የመጠየቅ መብቱ በአገራችን እንዴት እንዳደገ ለማየት ሦስት ሕገ መንግሥታትን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

በ1923 የወጣው የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን አቋቋመ። የመወሰኛውን አባላት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ የመምሪያውን አባላት የሚመርጡት ደግሞ መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንት እንጂ ሕዝቡ አልነበረም። ምክር ቤቶቹ ሚኒስትርን ለመጥራት ቢፈልጉ አስቀድመው የንጉሠ ነገሥቱን ፈቃድ ማግኘት ነበረባቸው። መጠየቅ በፈቃድ የሚገኝ ችሮታ ነበር ማለት ነው።

የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። የሕግ መምሪያው አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ደነገገ፤ ምርጫውም እ.ኤ.አ. በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ። ሚኒስትሮችም ምክር ቤቶቹ ሲጠይቋቸው ቀርበው መልስ እንዲሰጡ ግዴታ ተጣለባቸው። ሆኖም ግዴታው የተያያዘው ሊወጣ ከታሰበ ሕግ ጋር ነበር። በሌላ አነጋገር ሚኒስትሩ «ይህ ረቂቅ ለምን አስፈለገ?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል፤ «ባለፈው ዓመት ቃል የገባኸው ድልድይ የት ደረሰ?» ብሎ ለመጠየቅ ግን ሕጉ ግልጽ መሠረት አልሰጠም። ከመስከረም 1967 በኋላ ደግሞ አገሪቱ ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ምክር ቤት ቆየች፤ በኋላ የተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎም የአንድ ፓርቲ ሸንጎ ነበር።

በ1987 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ጉዳዩን በሌላ መልክ ያየዋል። በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል መንግሥት ባለሥልጣናትን የመጥራት፣ የመጠየቅና የአስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን አለው። ንዑስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከምክር ቤቱ አባላት አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ለአስፈጻሚው አካል በተሰጠ ማናቸውም ሥልጣን ላይ ውይይት እንዲደረግ ያስገድዳል፤ ምክር ቤቱም ከተወያየ በኋላ ተገቢ የመሰለውን እርምጃ ሊወስድ ይችላል። ከፈቃድ ወደ ግዴታ፣ ከረቂቅ ሕግ ወደ አፈጻጸም የተደረገው ሽግግር በወረቀት ላይ ተፈጽሟል።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በብሪታንያ በታወቀው መዝገብ የመጀመሪያው የምክር ቤት ጥያቄ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1721 በጌቶች ምክር ቤት ነው፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የጥያቄ ጊዜ በቋሚነት የተደነገገው ግን እ.ኤ.አ. በ1961 ነበር። ልማዱ ሥርዓት እስኪሆን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ፈጀ። በሕንድ ምክር ቤት ደግሞ በቃል የሚመለሱ ጥያቄዎች በኮከብ ምልክት ተለይተው ይመዘገባሉ፤ በቃል መልስ ላይም አባሉ ተከታይ ጥያቄ የማቅረብ ዕድል አለው። ይህችን «ተከታይ ጥያቄ» ያዙልኝ፤ በኋላ እፈልጋታለሁ።

ወንዙ የማን ነው?

አሁን ወደ ራቤል ልመለስ። ከስብሰባው በኋላ ተወካዩ አገሬ መሆኑን ስላወቀ ጥያቄዎቹን በጽሑፍ እንዳደራጅለት ጠየቀኝ። በደስታ ተቀበልሁ። ሁለት ገጽ ጻፍሁ፤ ጽሑፉ ያማረ ነበር። የድልድዩን ጥያቄ ለአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት አደረግሁት። ወራት አልፈው የመጣው መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ መንገዱ በእኛ ሥር አይደለም። መልሱ ትክክል ነበር። ስሕተቱ የእኔ ነበር። መንገዱ ቀበሌዎችን ከወረዳው ከተማ ጋር የሚያገናኝ የገጠር መንገድ እንደ መሆኑ ባለቤቱ ክልሉ ነበር። በዚያ መካከል አንድ ክረምት አለፈ። ያ ክረምት በማን ላይ እንዳለፈ ታስባላችሁ። መምህር ነኝ፤ ሕገ መንግሥቱንም አስተምራለሁ፤ እኒያ እናት የጠየቁትን ግን አልጠየቅሁም።

የፌዴራል ሥርዓት ሥልጣንን ሲያከፋፍል ጥያቄንም ያከፋፍላል። በአንቀጽ 51 መሠረት ሁለትና ከዚያ በላይ ክልሎችን የሚያገናኙ አውራ ጎዳናዎች፣ ፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን የፌዴራሉ መንግሥት ኃላፊነት ናቸው። የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨትና ማከፋፈልም በፌዴራል የልማት ድርጅቶች የሚካሄድ ሥራ ነው፤ በ2006 የቀድሞው ድርጅት ለሁለት ተከፍሎ ማመንጫውና ከፍተኛ ማስተላለፊያው ለአንዱ፣ ለደንበኛ ማከፋፈሉ ለሌላው ተሰጥቷል። ስለዚህ «መብራት የለንም» የሚለው አንድ ጥያቄ መስሎ ይታይ እንጂ ሁለት አድራሻ ሊኖረው ይችላል፤ መስመሩ ከነጭራሹ አልደረሰም ወይስ ደርሶ ይቋረጣል?

የገጠር መንገድ፣ የንጹሕ መጠጥ ውኃ፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት በአብዛኛው የክልልና የወረዳ ጉዳይ ናቸው። የአማራ ክልል በ1994 ባሻሻለው ሕገ መንግሥት የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች አሉት። በዚያው ሰሞን በተጀመረው ያልተማከለ አሠራር ወረዳዎች ጥቅል በጀት እየተመደበላቸው ራሳቸው ማደላደል ጀመሩ። ይሁንና የወረዳ በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። ወረዳው ድልድዩን የመሥራት ኃላፊነት ቢሰጠው እንኳ ገንዘቡ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ አንድ ተወካይ ሁለት ነገር ለይቶ ማወቅ አለበት፤ ሥልጣኑ የማን እንደሆነና ገንዘቡ በማን እጅ እንዳለ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ አይገኙም።

ጥያቄ በመንገድ ላይ ይሳሳል

ሁለተኛው ችግር የአነጋገር ነው። እኒያ እናት የተናገሩት ስለ አንድ ወንዝ፣ ስለ አንድ ወቅት፣ ስለ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ነበር። ይህ በወረዳ ቃለ ጉባኤ «የድልድይ ችግር» ይሆናል። በዞን «የመንገድ ተደራሽነት ውስንነት» ይባላል። አዲስ አበባ ሲደርስ «ኅብረተሰቡ የመሠረተ ልማት ጥያቄ አለው፤ ምን ታስቧል?» ይሆናል። እንዲህ ላለ ጥያቄ «በዕቅድ ተይዞ እየተሠራ ነው» የሚለው መልስ ተመጣጣኝ ነው። ጥያቄው ቦታ የለውም፤ መልሱም ቀን የለውም። ባለሥልጣኑን ከመውቀሳችን በፊት ጥያቄያችንን እንመርምር።

መልካም ጥያቄ አራት ነገር ይይዛል። ለማን እንደቀረበ ይናገራል። ስለ የትኛው ሥራ እንደሆነ በስም ይጠራል። ሥራው በየትኛው ዓመት በጀት እንደ ተያዘለት፣ ወይም እንዳልተያዘለት ይገልጻል። መልሱ በቀን እንዲሰጥ ይጠይቃል። ከሁሉም በላይ ግን ተከታይ ጥያቄ ያስፈልገዋል። ምክር ቤቱ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል። በጥቅምት «በዚህ ዓመት ይጀመራል» የተባለውን ሥራ በግንቦት «ተጀመረ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ አባል ከሌለ የጥቅምቱ መልስ ዋጋ አይኖረውም። ለዚህ የተሻለው መድረክ ጠቅላላ ጉባኤው ሳይሆን ቋሚ ኮሚቴው ነው። በጉባኤው አንድ አባል ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ተናግሮ ይቀመጣል፤ በኮሚቴው ግን ሰነድ አስቀርቦ፣ የዋና ኦዲተርን ግኝት ይዞ፣ ቦታው ድረስ ሄዶ መመርመር ይቻላል።

የጠያቂው ዋስትና

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ጥያቄው ብልሃት ነው። ጠያቂውስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ መሆኑን፣ ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ መሆኑን ይናገራል። በምክር ቤት በሰጠው አስተያየት አይከሰስም፤ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም። ይህ ለአባሉ የተሰጠ የክብር ካባ አይደለም፤ ለራቤል ገበሬ የተሰጠ ዋስትና ነው። ተወካዩ ከፈራ የሚጎዳው ገበሬው ነውና።

ታሪካችን በዚህ ረገድ የሚያሳስብ ነው። በ2002 ምርጫ ከ547ቱ መቀመጫዎች ከገዥው ፓርቲና ከአጋሮቹ ውጪ የነበሩት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ በ2007 አንድም አልነበረም። በ2013 ምርጫ ጥቂት የተቃዋሚና የግል ተወካዮች ገቡ፤ የመንግሥት ወጪን የሚቆጣጠረውን ቋሚ ኮሚቴ የመሩት አቶ ክርስቲያን ታደለ ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ታሰሩ። ስለ ክሱ ፍርድ መስጠት የእኔ ቦታ አይደለም። እንደ መምህር የምለው ይህን ነው፤ ያለ መከሰስ ዋስትና የሚፈተነው በሰላም ቀን ሳይሆን እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

የገዥው ፓርቲ አባልም ቢሆን የአካባቢውን ጥያቄ ማንሣት አይከለከልም፤ ብዙዎችም ያነሣሉ። ሆኖም በፓርቲው ውስጥ የበላዩ የሆነውን ሚኒስትር ለሁለተኛ ጊዜ መጠየቅ ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብደዋል። ተከታይ ጥያቄ የሚሞተውም እዚህ ላይ ነው።

በኅዳር 2014 ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ዘለቀ፤ ከ2015 ወዲህም ክልሉ ሰላም አላገኘም። ተወካይ ወደ መራጩ በቀላሉ የማይደርስበት፣ መራጩም አዳራሽ ተሰብስቦ የማይናገርበት ዘመን ነው። በዚህ ጊዜ ስለ ጥያቄ አቀራረብ ማስተማር ቅንጦት የሚመስለው ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ተቃራኒውን አምናለሁ። ሰው በቃል ጠይቆ በቃል መልስ የሚያገኝበት ሥርዓት ሲዳከም ሌላ ዓይነት መጠየቅ ቦታውን ይይዛል፤ ዋጋውንም ሁላችንም አይተነዋል።

ለተማሪዎቼ

የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድና ማን እንደሚጠብቀው የታወቀ ነበር፤ ያጠፋም በጎረቤቱ ፊት ይጠየቅ ነበር። ሥርዓቱ የላላው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። ስለዚህ መጠየቅን ከሌላ አገር የመጣ ትምህርት አድርጋችሁ አትዩት።

በዚህ ሴሚስተር እያንዳንዳችሁ ከተወለዳችሁበት ወረዳ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ እንድትመጡ እፈልጋለሁ። አንድ ድልድይ፣ አንድ የውኃ ጉድጓድ፣ አንድ ትራንስፎርመር ይበቃል። ባለቤቱን ለዩ። ገንዘቡ የት እንዳለ ፈልጉ፤ የመረጃ ነፃነትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። በአስተዳደር በደል ከደረሰ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ከዚያ ጥያቄውን በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ለሚመለከተው ተወካይ፣ የወረዳም ይሁን የክልል ወይም የፌዴራል፣ ስጡ። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳችሁ ምን ደረሰ በሉት።

እኔም የራሴን እንደ ገና ጽፌዋለሁ። ሁለተኛው ጽሑፍ ግማሽ ገጽ ብቻ ነው፤ እንደ መጀመሪያው አያምርም። አድራሻው ግን የክልሉ ነው፤ የወንዙ ስምም አለበት። ድልድዩ ይህን ንግግር እስከ ተናገርሁበት ቀን አልተሠራም። መልስ የሚጠበቅበትን ወር በቀን መቁጠሪያዬ ላይ አክብቤዋለሁ።

 አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ ጠይቁኝ።