ሚዛኑ የተጠበቀ ሞዴል አውሮፕላን

በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ሠርቶ የጨረሰ ሰው ቶሎ ሜዳ ወጥቶ ማስነሳት ያምረዋል። ሞተሩ ይዞራል፣ መሪዎቹ ለሬዲዮው ይታዘዛሉ፣ ባትሪው ሞልቷል፤ የቀረ ነገር ያለ አይመስልም። የቀረው ግን ዋናው ነገር፣ ሚዛኑ ነው። አውሮፕላኑ ተረጋግቶ መብረሩ ወይም ከመሬት እንደተነሳ መከስከሱ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያው የሥራ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ለመለካት ሁለት አመልካች ጣቶች ይበቃሉ። ባትሪው፣ ሪሲቨሩ፣ ጎማውና ፕሮፔለሩ ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ፣ ከአካሉ ግራና ቀኝ ክንፉን ከሥር በጣት ደግፎ ማንሳት ነው። አውሮፕላኑ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ሳያዘነብል የሚቆምበት ቦታ የክብደት ማዕከሉ ይባላል። ትክክለኛው ቦታ በንድፉ ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ለብዙዎቹ የመለማመጃ ሞዴሎች ይህ ቦታ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ተነስቶ፣ ክንፉ ከፊት ወደ ኋላ ካለው ስፋት ከ25 እስከ 30 በመቶው ላይ ያርፋል። ስፋቱ 24 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ቀጥ ያለ ክንፍ ከ6 እስከ 7.2 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ክንፉ ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ከሆነ ግን አማካይ ስፋቱን ማስላት ያስፈልጋል። ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠለት አውሮፕላን እንዳለ ይለካል፤ ክንፉ ከታች የሆነው ደግሞ ተገልብጦ ይለካል፤ አለበለዚያ ክብደቱ ከጣቶቹ በላይ ስለሚሆን ይንከባለላል።

የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ይህን ያህል የሚከብደው ለምንድን ነው? ነፋስ አፍንጫውን ሽቅብ ሲገፋው ክንፉም ጅራቱም ተጨማሪ የማንሳት ኃይል ያገኛሉ። ይህ ተጨማሪ ኃይል ተደምሮ የሚያርፍበት አንድ ነጥብ አለ። የክብደት ማዕከሉ ከዚያ ነጥብ ፊት ለፊት ከሆነ ኃይሉ ጅራቱን ያነሳና አፍንጫውን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፤ አውሮፕላኑ ራሱን ያርማል ማለት ነው። ማዕከሉ ወደ ኋላ ካለፈ ግን ያው ኃይል አፍንጫውን ይብሱን ሽቅብ ይገፋዋል። አብራሪው ቁልቁል ሲመልሰው ያልፈዋል፣ ሽቅብ ሲመልሰውም እንደገና ያልፈዋል፤ በመጨረሻም ክንፉ አየሩን መያዝ ያቅተውና ይወድቃል። ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ እ.ኤ.አ. በ1871 ፓሪስ ውስጥ ያበረራት በላስቲክ የምትዞር ትንሽ ሞዴል ማንም ሳይነካት ተረጋግታ የበረረችው፣ በዚህ ሕግ መሠረት ከኋላዋ ጅራት ስለተገጠመላት ነበር። የራይት ወንድማማቾች የ1903ቱ አውሮፕላን ግን ሽቅብና ቁልቁል የመረጋጋት ባሕርይ አልነበረውም፤ በአየር ላይ ያቆየው የአብራሪው እጅ ብቻ ነው።

አፍንጫው የከበደ ሞዴልም ችግር አያጣም። በፍጥነት ያርፋል፣ ሽቅብ ለመዞርም ይለግማል። ሆኖም ይበራል፣ ይመለሳል። ጅራቱ የከበደ ግን ብዙ ጊዜ ለሁለተኛ በረራ አይተርፍም። ስለዚህ ለመጀመሪያው በረራ ማዕከሉን ከተፈቀደው ክልል ወደ ፊተኛው ጫፍ ማስጠጋት ተገቢ ነው እላለሁ።

ሚዛን ለማስተካከል ክብደት መጨመር የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት። አስቀድሞ ያለውን ማዘዋወር ነው፤ ከሁሉም ምቹው ባትሪው ነው፤ ከባድ ስለሆነ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት መግፋቱ ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ የእርሳስ ብረት ቁራጭ በተቻለ መጠን ወደ አፍንጫው ጫፍ ይጣበቃል። ጅራት ላይ የሚጨመር ክብደት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ሒሳቡ ያሳያል፤ ጅራቱ ከማዕከሉ 60 ሴንቲ ሜትር፣ አፍንጫው ደግሞ 20 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ጅራት ላይ ያለ 10 ግራም ሙጫ ከፊት 30 ግራም እርሳስ ያስከፍላል። በድምሩ 40 ግራም ነው፤ ያንን ሁሉ ክንፉ ይሸከመዋል። ጎበዝ ሠሪ ጅራቱን ገና ሲሠራው የሚያቀልለው ለዚህ ነው።

በነዳጅ የሚሠራው ሞዴል ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በተለመደው አሠራር ታንኩ ከማዕከሉ ፊት ለፊት ስለሚቀመጥ ነዳጁ ባለቀ ቁጥር አፍንጫው እየቀለለ ይሄዳል። በመሆኑም ሚዛኑ የሚለካው ታንኩ ባዶ ሆኖ ነው። አሜሪካዊው ሜይናርድ ሂል የሠሩት ታም 5 የተባለ ሞዴል እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ ተነስቶ አትላንቲክን በማቋረጥ አየርላንድ ሲያርፍ 3,030 ኪሎ ሜትር ገደማ በ38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ በርሯል። ሲነሳ 5 ኪሎ ግራም ያህል ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጠው ነዳጅ ነው። እንዲህ ባለ ሞዴል ላይ የታንኩን ቦታ የተሳሳተ ሰው አውሮፕላኑን ከውቅያኖሱ መሐል አያሳልፈውም። ሂል ይህን ሥራ የሠሩት ዓይናቸው እጅግ ደክሞ ነው፤ ለዚህ ሙያ ካለኝ አክብሮት የሚበዛው ለእሳቸው ነው።

ከፊትና ከኋላው በተጨማሪ ግራና ቀኙም ይታያል። አውሮፕላኑ በፕሮፔለሩ ዘንግና በጅራቱ ተይዞ ሲንጠለጠል ሁልጊዜ አንደኛው ክንፍ ቁልቁል ከወረደ፣ በቀለለው ክንፍ ጫፍ ላይ ጥቂት ግራም ይጨመራል። ፕሮፔለሩም ለብቻው በቀጭን ዘንግ ይሞከራል፤ የከበደው ምላጭ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ ወይም በቀለለው ላይ ቀጭን ፕላስተር ይለጠፋል። ይህን የዘለለ ሰው ብሎኖቹ በንዝረት እየላሉ ያስቸግሩታል።

የመጨረሻው ፈተና በአየር ላይ ነው። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እንዲበር ከተስተካከለ በኋላ በቂ ከፍታ ላይ ሆኖ ሞተሩን ቀንሶ ቁልቁል በ45 ዲግሪ ማዘንበልና መሪውን መልቀቅ ነው። በኃይል ሽቅብ ከተመለሰ አፍንጫው ከብዷል። ቀስ ብሎ ከቀና መልካም ነው። ቁልቁለቱ እየባሰ ከሄደ ጅራቱ ከብዷልና ወዲያው ማቅናት፣ ማሳረፍ፣ ባትሪውን ወደ ፊት መግፋት ያስፈልጋል።

ትክክለኛውን ቦታ ያገኘ ሰው ልኩን ከባትሪው ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይጻፈው፤ የባትሪውንም ቦታ በቀለም ያስምር። ባትሪ በቀየረ ወይም ጅራት በጠገነ ቁጥርም ከመብረሩ በፊት እንደገና ይለካ።