ሸወዳ፡ ከካርታ እስከ ሪጎሬ

ከይምርሐነ ክርስቶስ ስንመለስ እግራችን ዝሏል። በዋሻው ውስጥ ድንጋይና እንጨት እየተነባበረ የታነፀውን ቤተ ክርስቲያን ተሳልመን ላሊበላ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። ሐሳባችን የማታውን ጨዋታ በቴሌቪዥን ማየት ነበር። ምን ዋጋ አለው! ሊጀመር አስር ደቂቃ ሲቀረው መብራት ድርግም አለ።

ይሄኔ አንዱ ጓደኛችን ሻማ ለኩሶ ካርታ መበወዝ ጀመረ። ብር የለበትም፣ ቁማር አይደለም። ሕጉም ቀላል ነው። ካርታው ለአራታችን ይታደላል። ባለተራው ካርታውን ደፍቶ ያስቀምጥና "ሁለት ሰባት" ይላል። ቀጣዩ ኖረውም አልኖረውም ስምንት ማለት አለበት። የተጠራጠረ "ውሸት!" ብሎ ያስገልጣል። የዋሸ ከተያዘ የተከመረውን ሁሉ ያነሳል፤ እውነቱን ከሆነ ግን ክምሩ ለጠርጣሪው ነው። እጁን ቀድሞ ባዶ ያደረገ ያሸንፋል።

እኔ ሆዬ ገና በጀማሪነቴ ሸዋጅ ልሁን ብዬ ትክክለኛውን ካርታ ይዤም ዋሸሁ። ሦስቴ ተያዝኩ። ጓደኛዬ እየሳቀ "አንተ ስትዋሽ ቁጥሩን ቶሎ ትናገራለህ" አለኝ። ከዚያ በኋላ በቻልኩት ሁሉ እውነቱን ተጫወትኩ። "ውሸት!" እያሉ ሁለቴ ክምሩን ታቀፉ። ቀጥዬ ስዋሽ ማንም ትንፍሽ አላለም!

ታዲያ ይሄ ከኳስ ጋር ምን አገናኘው? እ.ኤ.አ. የ2006ቱን የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍፃሜ አስታውሱ። በርሊን ላይ ጀርመንና አርጀንቲና 1 ለ 1 ጨርሰው ወደ መለያ ምት ሄዱ። የጀርመኑ በረኛ የንስ ሌህማን የመቺዎቹን ልማድ የያዘች ብጣሽ ወረቀት ካልሲው ውስጥ ሸጉጧል። አያላ ወረቀቷ ላይ ነበር፤ ምቱን አዳነበት። ካምቢያሶ ሲመጣም ሌህማን ወረቀቷን አውጥቶ በደንብ አነበበ። የካምቢያሶ ስም ግን እዚያ አልነበረም! እሱ ይህን በምን ይወቅ? መታ፣ ሌህማን አወጣው፣ ጀርመን 4 ለ 2 አለፈች። ሸወዳው የሠራው ከዚያ በፊት እውነት ስለነበረበት ነው።

እኛስ? እ.ኤ.አ. በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን ኔልስፕሩት ላይ የወቅቱን ሻምፒዮን ዛምቢያን ስንገጥም ሳላዲን ሰይድ የመታውን ሪጎሬ ኬኔዲ ምዊኔ አወጣበት። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ። ያን ዕለት "እንዴት ይስታል?" ብለው ሳላዲንን ከወቀሱት አንዱ እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ እኔ በሻማ ብርሃን፣ ያውም በሦስት ጓደኞቼ ፊት፣ ፊቴን መደበቅ አቅቶኛል። እሱ ግን ሀገር ሙሉ እያየው፣ በ11 ሜትር ርቀት ከሚጠብቀው በረኛ ሐሳቡን መሸሸግ ነበረበት። የዚያን ማታ ወቀሳዬን አነሳሁ።

መብራቱ ሲመጣ ጨዋታው አልቋል። ውጤቱን ለመጠየቅ የተነሳ ግን አልነበረም፤ ካርታው እየታደለ ነበር።