የድሬዳዋው ነጋድራስና የሳራቶቩ ጸሐፊ

ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የከተማዋን ጉምሩክ በነጋድራስነት ከመሩት ሹማምንት አንዱ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበሩ። ዛሬ በከተማዋ ሰፈሮች፣ በሳቢያንም ሆነ በከዚራ፣ የሚኖር አንባቢ ከሹመታቸው ይልቅ ሐሳባቸውን ቢያውቅ ይጠቀማል። የአገር ድህነት ከሥራና ከልውውጥ ሥርዓት እንደሚመነጭ፣ ስለዚህም ሊለወጥ እንደሚችል አስተምረዋልና።

ድህነት ከምን ይመነጫል፣ እንዴትስ ይለወጣል የሚለውን ጥያቄ ከእሳቸው አስቀድሞ ሩሲያዊው ኒኮላይ ቼርኒሼቭስኪ አንሥቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1828 በሳራቶቭ የተወለደው ይህ ሶሻሊስት በ1862 ታስሮ «ምን መደረግ አለበት?» የተሰኘውን ልብ ወለዱን በእስር ቤት ጻፈ፤ ከዚያም ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ። ወደ ኋላ የቀረ ሕዝብ ከቀደሙት ተምሮ ረጅሙን መንገድ ማሳጠር ይችላል፤ የገበሬው የጋራ መሬትም ለአዲሱ ሥርዓት መነሻ ይሆናል ብሎ ያምን ነበር።

ገብረ ሕይወት በ1911 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሀብት ምንጩ በዕውቀት የታገዘ ሥራ መሆኑን ያስረዳል። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋር ሲነግድ ብዙ ድካሙን በጥቂት ዕቃ ይለውጣል፤ ንግዱ በሰፋ ቁጥርም ጥገኝነቱ ይጠናል። በገበሬው ላብ የሚኖር ወታደርና ልክ የሌለው ግብር ደግሞ የመሥራት ፍላጎትን ይገድላሉ።

ሁለቱን ማነጻጸር አይገባም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ገብረ ሕይወት ሶሻሊስት አልነበሩም፤ ተስፋቸውም ለውጥ ወዳድ በሆነ መንግሥት እንጂ በገበሬው አመፅ ላይ አልነበረም። ሆኖም መፍትሔያቸው ቢለያይም ሁለቱም ድህነትን ከሕዝብ ጠባይ ወይም ከዕድል አላያያዙትም፤ መንስኤውን በሥርዓቱ ውስጥ ፈለጉ። ገብረ ሕይወት ድንቁርናን አብዝተው በመውቀሳቸው ጥፋቱን በድሃው ላይ ጫኑ የሚለው ትችትም ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን ያው መጽሐፍ የገዥውንና የወታደሩን በደል በግልጽ ይቆጥራል፤ ማስተማርንም የመንግሥት ግዴታ ያደርገዋል።

ድሬዳዋ በ2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠና ተከፍቶባታል። የገብረ ሕይወት ትምህርት እዚህ ላይ ይሠራል፤ የንግድ ቀጠና የሚለካው በሚያልፍበት ጭነት ብዛት ብቻ ሳይሆን የከተማዋ ወጣት በሚያገኘው ሙያና እዚሁ ተሠርቶ በሚወጣው ዕቃ ዋጋ ነው።