ተኪ ቤተ ልሔም

ንፋስ መውጫ ስሟን የምታስተባብልበት ቀን የላትም። ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣ፣ በታኅሣሥ ማለዳ ጋቢ ያልደረበ ሰው መናኸሪያዋ አጠገብ ብዙ አይቆምም። ብርዱን ሸሽቼ ከገባሁበት ሻይ ቤት ውስጥ ገብስና በግ የሚነግድ ወጣት አገኘሁ። ሥራዬን ሲሰማ ወንበሩን አስጠጋ። «ጋሼ፣ ዘንድሮ ገናን ብቻዬን ውጭ አገር ላሳልፍ አስቤ ነበር። የት ቢሆን ያዋጣኛል ይላሉ?»

አብረውት የነበሩት ሳቁበት። እኔ አልሳቅሁም። «የት ያምራል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፤ «የት ያዋጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ግን ለዚህ ዓምድ ተብሎ የተላከ ነው። እዚያው የነገርኩት ጥቂቱን ነበር፤ ሙሉ ሒሳቡ ይኸውና።

ከትኬት ዋጋ መጀመር ስሕተት ነው። በግ ነጋዴ ለገና ሰሞን ከአገር ከወጣ ትልቁ ወጪው ያልሸጠው በግ ነው። የፋርጣና የጋይንት በግ ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል፤ ዋጋው ቀና የሚለው ግን በበዓላት ዋዜማ ነው። ኢኮኖሚስቶች ይህን የዕድል ዋጋ ይሉታል፤ አንዱን ስትመርጥ የተውከው የሌላው ጥቅም ማለት ነው። ለመምህር ወይም ለባንክ ሠራተኛ ያው ጉዞ ይረክሳል፤ ፈቃድ ከወጣ ደመወዙ አይቀርበትም። አንድ ዓይነት ትኬት ቆርጠው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የከፈሉት እኩል አይደለም። ወጣቱን «በዋዜማው ገበያ ሸጠህ ብትሄድስ?» ብለው «ያኔማ ገናው አለፈ» አለኝ። ልክ ነው፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ፓስፖርቱን በአጭሩ እንለፈው። በ2016 ማብቂያ ላይ መደበኛው ክፍያ ከ2000 ወደ 5000 ብር አድጓል። ለንፋስ መውጫ ሰው ደግሞ ባሕር ዳር ደርሶ መመለስና ማደር ሲጨመርበት፣ ደብተሩ እጁ እስኪገባ ከክፍያው ሌላ መንገዱም ያስወጣዋል።

ምንዛሪው ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የብርን ተመን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነሥቶ በመጀመሪያው ቀን ወደ 75 ተጠጋ፤ በመንፈቁ ከ120 በላይ ነበር። ከዚህ ተነሥቶ ሁሉም «ውጭ አገር በእጥፍ ተወደደ» ይላል። እውነቱ ከዚህ ይለያል። «ውጭ አገር» የሚባል አንድ ገበያ የለም፤ ተጓዥ የሚከፍለው በሄደበት አገር ገንዘብ ነው፤ ያ ገንዘብ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው።

ሦስት ከተሞችን በይፋዊው ተመን እንይ፤ ከጃንዋሪ 2024 እስከ ጃንዋሪ 2025 ያለውን አንድ ዓመት። የዱባይ ድርሃም ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰረ ነው፤ ዶላር የሆነውን ይሆናል። ስለዚህ ከ15 ብር ተነሥቶ ወደ 34 ወጣ። የናይሮቢ ሽልንግ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ተዳክሞ አንድ ዶላር ወደ 160 ሽልንግ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ግን አገግሞ ወደ 129 ተመለሰ። የእኛ ወደ ታች ሲሄድ የእነሱ ወደ ላይ ሄደ፤ ያንድ ሽልንግ ዋጋ ከ35 ሳንቲም ተነሥቶ አንድ ብር ሊሞላ ትንሽ ቀረው። የካይሮ ነገር ሌላ ነው። ግብፅም ገንዘቧን በማርች 2024 ለገበያ ለቀቀች፤ ዶላር ከ31 ፓውንድ ወደ 50 ገደማ ዘለለ። ሁለታችንም ወደቅን፤ እኛ ግን የበለጠ ወደቅን። አንድ ፓውንድ ከ1 ብር ከ80 ሳንቲም ወደ 2 ብር ተኩል ሆነ።

ምን ማለት ነው? ለብር ባለቤት በዚያ ዓመት ካይሮ በአርባ ከመቶ ግድም ሲወደድ፣ ዱባይ ከእጥፍ በላይ፣ ናይሮቢ ደግሞ ወደ ሦስት እጥፍ ተጠግቶ ተወደደ። በርግጥ ግብፆች በዚያው ጊዜ የራሳቸው የዋጋ ንረት ነበረባቸው፤ የሆቴላቸው ዋጋ በፓውንድ ቆሞ አልጠበቀም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፦ ብር ሲዳከም፣ አብሮህ የተዳከመውን አገር ፈልግ።

ናይሮቢ የምትክሰው በሌላ በኩል ነው። ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አያስፈልገውም፤ ሞያሌን ተሻግሮ በአስፋልት መድረስ ይቻላል። የአውሮፓ ነገር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ እ.ኤ.አ. ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በኤፕሪል 2024፣ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ላይ ገደብ ጥሎ የቪዛ መልስ የሚጠበቅበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል። ገናን ሮም ለማሳለፍ ያሰበ ሰው ነቢያትን መጾም ከመጀመሩ በፊት ማመልከት አለበት። እንዲህ ያለው ክፍያ ለእኔ ዋጋ ሳይሆን ዕጣ ነው።

አሁን ወደ ቀን መቁጠሪያው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ገንዘብ እዚያ ውስጥ አለ። የእኛ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ታኅሣሥ 28 ላይ ይውላል። በዚህ ማስተካከያ የተነሣ በፈረንጅ አቆጣጠር ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ላይ ያርፋል። የምዕራቡ ገና ታኅሣሥ 16፣ አዲስ ዓመታቸው ታኅሣሥ 23 ነው። አየር መንገዶችና ሆቴሎች ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ሰሞን ይኸው ነው፤ ወንበሩም ክፍሉም ያው ሆኖ ዋጋው ጣራ ይነካል። ከታኅሣሥ 25 በኋላ ፈረንጁ ወደ ሥራው፣ ልጁ ወደ ትምህርት ቤቱ ይመለሳል። በብዙ ከተማ የሆቴል ዋጋ የሚወርደው ያኔ ነው። የእኛ ሰው በዓሉ የሚደርስበት ደግሞ ልክ ያኔ ነው። እነሱ ለብሰው ያወለቁትን ሰሞን በቅናሽ ማግኘት ማለት ነው።

ቅናሹን ብሎ የሄደ ሰው ግን በዓል አልባ ከተማ ሊያጋጥመው ይችላል። ጃንዋሪ 7 ናይሮቢ ውስጥ ተራ የሥራ ቀን ነው። ለምን ገና ብሎ ሄደ ታዲያ? በዚያ ቀን ከነበዓሉ የሚጠብቅ አገር ጥቂት ነው። ግብፅ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ቀኑን ብሔራዊ የዕረፍት ቀን አድርጋዋለች፤ ኮፕቶች ከእኛ ጋር እኩል ያከብራሉ። አስመራም የምታከብረው በዚያው ቀን ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚያ የሚያደርገውን በረራ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ካቋረጠ ወዲህ ግን ከምርጫው ወጥታለች።

«ብቻዬን» የሚለውም ዋጋ አለው። የሆቴል ክፍል የሚከራየው በአዳር ነው እንጂ በሰው ቁጥር አይደለም፤ ሁለት ሰው ለሁለት የሚከፍለውን ብቸኛው ተጓዥ ሙሉውን ይችላል። ታክሲውም፣ አስጎብኚውም እንደዚያው። ጥቅል ጉዞ የሚሸጡ ድርጅቶች በግልጽ የብቻ ተጓዥ ጭማሪ ያስከፍላሉ። ባሕላችን ብቻውን የሚበላን ሰው የሚያማው በሥነ ምግባር ይመስለን ነበር፤ ለካ ሒሳብም አለበት።

እዚህ ላይ ወደ ጥንቱ ልመለስ፤ የጥያቄው ሥር ያለው እዚያ ነው። ገናን የክርስቶስ መወለጃ ድረስ ሄዶ ማክበር የመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያዊ ምኞት ነበር። መንገዱ ሩቅ፣ ወጪው ከባድ፣ መመለሱም አጠራጣሪ ነበር። የዛሬ ባለሥልጣን ቢሆን «የውጭ ምንዛሪ ጫና» ይለው ነበር። መፍትሔው ምን ሆነ? ተኪ ምርት! በትውፊት እንደሚነገረው ንጉሥ ላሊበላ ኢየሩሳሌምን ለሕዝቡ እዚሁ ሊያቀርብ 11 አብያተ ክርስቲያናትን ከአለት ፈለፈለ፤ ወንዙን ዮርዳኖስ፣ አንዱን ቤተ ክርስቲያን ጎልጎታ አሰኘ። የእሱ ልደት ታኅሣሥ 29 መዋሉም ገበያውን አጠናከረው። በገና ማለዳ በቤተ ማርያም የሚሰማው ቤዛ ኩሉ እስከ ዛሬ ከመላ አገሪቱ ሰው ይጠራል።

ተኪ ምርት ሲባል በቅርቡ የምናስታውሰው ሌላ ነው። በጥቅምት 2015 መንግሥት 38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው አገደ፤ እገዳው ከምንዛሪው ለውጥ ጋር በ2016 ተነሣ። ልዩነቱን ተመልከቱ። ላሊበላን የሠሩት ማንንም ወደ ኢየሩሳሌም እንዳይሄድ አላገዱም፤ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እስከ ዛሬ በኢየሩሳሌሙ ዴር ሡልጣን አሉ። የሠሩት ሥራ ጥሩ ስለሆነ ብቻ ሰው ለመቅረት መረጠ። እኔ ከሁለቱ የትኛውን ፖሊሲ እንደምመርጥ መናገር አያስፈልገኝም።

ንፋስ መውጫ ያለችበት ጋይንት ደግሞ የራሷ ቤተ ልሔም አላት፤ ስሟም ያው ቤተ ልሔም የሆነ ቤተ ክርስቲያን። የድጓ ትምህርት የምስክር ቤት ናት። ከቆማና ከአጫብር ጋር ከሦስቱ የዜማ ይትበሃሎች አንዱ በእሷ ስም ይጠራል። በሌላ አገር ድጓ የተማረ ሊቅ ቤተ ልሔም ገብቶ ካልተመሰከረለት ዕውቀቱ ሙሉ አይባልም ነበር። በዛሬ ቋንቋ የጥራት ማረጋገጫ ነው። እዚያ የሚመጣው ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ብቻውን ከሩቅ አገር የሚጓዝ ሰው ነበር። የብቻ ተጓዥ ጭማሪ አልከፈለም፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ባለበት ደጃፍ ሁሉ ወጪውን መንደሩ ይጋራለታል። በአንድ ሰው ኪስ የማይቻለው ጉዞ በሺህ ጓዳ ተቻለ።

በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቶማስ ፓከንሃም የሚባል ከኦክስፎርድ የወጣ ወጣት ወህኒ አምባ የሚባለውን ተራራ ፍለጋ ኢትዮጵያን ሲዞር እዚህች ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ከውጭ ሲያዩት ክብ የሣር ክዳን ነበር፤ ውስጡ ግን ከዚያ የቀደመ፣ በድንጋይ የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ተሸሽጎ ነበር። ጉዞውን በ1959 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ተረከው። ከእሱ ወዲህ ስንት የውጭ ሰው መጣ ብትሉ፣ መንገዱ ሌላ ታሪክ አለው።

ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦርን፣ ጉናን፣ ንፋስ መውጫንና ጨጨሆን አልፎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ፣ ሰዉ ዛሬም የቻይና መንገድ የሚለው፣ ባሕር ዳርን ከላሊበላ ያገናኛል፤ ጋሸና ላይ ተገንጥሎ ላሊበላ ድረስ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደኅና ዘመን ለገና የሚያልፍ የቱሪስት መኪና ንፋስ መውጫ ላይ ቆሞ ሻይ ይጠጣ ነበር። የሻይ ዋጋ፣ አንዳንዴም የምሳ ዋጋ፤ ከዚያ በላይ ከተማዋ ያገኘችው ብዙ አይደለም። የሚያድረው ላሊበላ ነው። ሰው ካላደረ ገንዘቡም አያድርም። ቤተ ልሔምን ጨምሮ አንድ አዳር ማስረዘም ቢቻል ኖሮ ሒሳቡ ይቀየር ነበር።

ከዚያም የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ከተማዋ በነሐሴ 2013 ለቀናት በጦርነቱ ተይዛ ብዙ አየች፤ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ለውጭ ተጓዥ በሩን የሚዘጋው ፍርሃት ብቻ አይደለም። የራሱ መንግሥት «አትሂዱ» ያለበት አገር የሄደ ሰው የጉዞ ኢንሹራንሱ ሊሰረዝበት ይችላል፤ ኢንሹራንስ ከሌለ አስጎብኚ ድርጅቱም አይሸጥለትም። በ2014 መንግሥት አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ለገና ወደ አገር ቤት እንዲገባ ጠርቶ የትኬትና የሆቴል ቅናሽ ሲቀርብም ያው እንቅፋት ነበር፤ ቅናሽ ስጋትን አይገዛም። በእግሩ የሚመጣው የአገር ቤት ተሳላሚ ግን ኢንሹራንስ ስለማያውቅ መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

የዋናዋ ቤተ ልሔም ዕጣም አልተለየም። እዚያ ገና ሦስት ጊዜ ይከበራል፦ ካቶሊኮች ዲሴምበር 25፣ ኦርቶዶክሶች ጃንዋሪ 7፣ አርመኖች ጃንዋሪ 19 ላይ። አንድን በዓል ሦስት ጊዜ የሚሸጥ ከተማ! የጋዛ ጦርነት ሲመጣ ግን እ.ኤ.አ. በ2023ም በ2024ም የአደባባይ በዓሉ ቀረ፤ ሦስቱም ገበያ አብሮ ተዘጋ።

ወጣቱ ይህን ሁሉ አልሰማኝም፤ መኪናው ሊሞላ ረዳቱ ይጣራ ነበር። ካይሮ ከምንዛሪውም ከቀኑም አንጻር እንደምትሻል፣ ባንክ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት አይቶ ዶላር እንደሚሸጥለት፣ ዶላሩን እዚያ እንደገና ወደ ፓውንድ ሲለውጥ ሁለተኛ ኪሳራ እንዳለበት በጥድፊያ ነገርኩት። ጋቢውን እያጣፋ ጥቂት አሰበ።

«እነዚያም እንደኛ ለገና ሥጋ ይበላሉ?»

«43 ቀን ጾመው በዚያው ሌሊት ይፈስካሉ» አልኩት።

«እንግዲያው በግ እዚያ ስንት ይሸጣል?» ብሎ ስልኩን አወጣ።