ተጨማሪ መረጃ፦ የሜጋ አካባቢ የተፈጥሮ መስህቦች

ከያቤሎ ወደ ሞያሌ ሲጓዙ፣ ሜጋ ከመድረስዎ በፊት፣ የኤል ሶድ ሐይቅ ይገኛል። ያረፈው በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በተፈጠረ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ውኃው ጥቁርና እጅግ ጨዋማ ነው። ጨው አውጪዎች አፍንጫና ጆሯቸውን ደፍነው ይጠልቁና ከሐይቁ ወለል ጥቁሩን ጭቃ እየዛቁ ያወጣሉ። ሥራው ሰውነትን ክፉኛ የሚጎዳ ነው። ጭነቱን አቀበቱን ይዘው የሚወጡት አህዮች ናቸው። ጥቁሩ ጨው ለከብት፣ ነጩ ለሰው ምግብ ይውላል።

አካባቢው በወፎቹም ይታወቃል። የቁራ ዘመድ የሆነችው፣ ዓይኗን ሰማያዊ ቆዳ የከበባት ግራጫ ወፍ ከያቤሎ፣ ከሜጋና ከአሬሮ ዙሪያ ውጪ በዓለም የትም አትገኝም። ቁልቁለቱን ወርዶ የኤል ሶድ ሐይቅን ማየት የሚፈልግ ጎብኚ በማለዳ ቢነሣ ይመረጣል፤ በቀትር አቀበቱን መውጣት እጅግ አድካሚ ነው።