«አባውት» ስንት ኩንታል ያወጣል?

የመተማ ሰሊጥ ባሕር ማዶ ሲሸጥ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው። የሰዋስው ግድፈት ይታለፍ ይሆናል፤ የአንድ ቃል መቅረት ግን ገንዘብ ያስቀራል።

በሌተር ኦፍ ክሬዲት ሽያጭ ባንኩ የሚመረምረው ሰነድ ነው፤ ሰሊጡን አያይም። ሰሊጥ ደግሞ ሲበጠር ክብደቱ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሚሠራበት የዩሲፒ 600 ደንብ፣ ከ100 ቶን በፊት «አባውት»፣ ማለትም «ያህል» የሚለው ቃል ከገባ ከ90 እስከ 110 ቶን መላክ ይፈቀዳል። ቃሉ ከሌለ የሚፈቀደው ልዩነት 5 በመቶ ነው፤ መጠኑ በጆንያ ቁጥር ከተጻፈ ይኸም ይቀራል።

ቃሉ ከገንዘቡ በፊትም ካልገባ፣ ባንኩ ከተጻፈው በላይ አይከፍልም። ስለዚህ ላኪው ክሬዲቱ ሳይከፈት ለገዥው ጽፎ፣ ቃሉን በሁለቱም ቦታ ማስገባት ይበጀዋል።