የኢንተርኔት ሱቅ ሲከፈት መዝገቡ በማን እጅ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ጫማ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ በርበሬና ሽሮ ወይም የስልክ ዕቃ የሚሸጥ አነስተኛ ነጋዴ ኢንተርኔት ላይ ልሽጥ ባለ ቁጥር «የት ብከፍት ይሻለኛል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መካሪም አያጣም። አንዱ ቴሌግራም ይበቃሃል ይለዋል፤ ሌላው ቲክቶክ ላይ ከሌለህ የለህም ይለዋል፤ ዌብሳይት የሚሠራው ባለሙያ ደግሞ በሾፒፋይ ወይም በዉኮሜርስ ልሥራልህ ብሎ ዋጋውን ይነግረዋል። ጨዋታው ሁሉ የሚያልቀው መልኩ ያምራል ወይ፣ ወጪውስ ስንት ነው በሚሉት ላይ ነው። ሁለቱም መጠየቅ ያለባቸው ናቸው፤ የሚቀድማቸው ግን አለ። ነጋዴው አንድ ቀን ያንን ቦታ ቢለቅ ወይም ቦታው ቢዘጋበት ምን ይዞ ይወጣል? የደንበኞቹ ስምና ስልክ፣ የዕቃዎቹ ፎቶና ዋጋ፣ ማን መቼ ምን እንደገዛ የሚያሳየው ታሪክ፣ ሱቁ የሚታወቅበት አድራሻ በእጁ ከሆኑ፣ የመረጠው መሣሪያ ባይመቸው ወደ ሌላ ይዞራል። በእጁ ካልሆኑ ግን በነጻ ያገኘውም ሆነ በውድ ያሠራው ሱቅ የሰው ነው።

ቴሌግራም በነጋዴው ዘንድ እንዲህ የተወደደው በከንቱ አይደለም። ቻናል መክፈት ገንዘብ አያስወጣም፣ ከስልክ በቀር ዕቃ አይፈልግም፣ ደካማ ኔትወርክ ላይም ይሠራል። ከሁሉ በላይ ገዢው ቀድሞ እዚያው ነው። ችግሩ ብቅ የሚለው ሽያጩ ሲደራ ነው። ቁጥር 38 የሆነ አንድ ጥቁር ጫማ ብቻ ቀርቷል እንበል። ሁለት ደንበኞች በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት በውስጥ መስመር «አለ?» ብለው ይጽፋሉ። ሻጯ ለሁለቱም «አለ» ትላለች፤ ቻናሉ ስንት ጫማ እንደቀረ አያውቅምና የሚያስታውሳት የለም። አንደኛዋ ብሩን አስተላልፋ የደረሰኙን ስክሪንሾት ትልካለች። ተቀነባብሮ የሚላክ ደረሰኝ መኖሩን የምታውቀው ሻጭ ስክሪንሾት ብቻ አይታ ዕቃ አትሰጥም፤ ቻቱን ትታ የባንኩን አጭር መልእክት ትፈልጋለች፣ በኤፍቲ የሚጀምረውን የንግድ ባንክ መለያ ቁጥር ፊደል በፊደል ታመሳክራለች። እሷ ይህን ስታደርግ ሁለተኛዋም ከፍላለች። ይቅርታ መጠየቅና ብር መመለስ ይከተላል። ወር ቆይቶ ያው ጫማ እንደገና ሲገባ፣ ያቺን ሳታገኝ የቀረች ደንበኛ ልጥራት ብትል በመቶዎች የሚቆጠሩ ቻቶችን ወደ ላይ እያንሸራተተች መፈለግ አለባት።

ይሄ የሥራ ጣጣ ነው፤ ሥራ የለመደ ሰው እንደምንም ይወጣዋል። የሚከብደው የደንበኛ ዝርዝሩ ጉዳይ ነው። ቴሌግራም ለቻናል ባለቤት የሚያሳየው በመጨረሻ የገቡትን 200 አባላት ብቻ ነው። ሃያ ሺህ ተከታይ ያለው ሻጭም ቢሆን አሥራ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ማየት አይችልም፤ የአብዛኛዎቹንም ስልክ ቁጥር አያውቅም። ያ ተከታይ በልፋት የተሰበሰበ ሀብት ነው፣ ግን ወደ ሌላ ቦታ አይጓዝም። ይህ በሐሳብ ብቻ ያለ ስጋትም አይደለም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ድረስ፣ አምስት ወር ለሚሆን ጊዜ፣ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተዘግተው ነበር። ቪፒኤን የጫነ ገዢ መግባቱን አላቆመም፤ ያልጫነው ግን ከሻጩ ጋር ተቆራረጠ። የተቆራረጡትን ስልክ ደውሎ «አለን፣ ሱቃችን ያው ነው» ለማለት የቻለው ቁጥራቸውን ለብቻው መዝግቦ ያቆየ ነጋዴ ነው።

መዘጋት የእኛ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስል አንድ የውጭ ምሳሌ ማንሳት ይጠቅማል። ጉግል ለአነስተኛ ድርጅቶች ከካርታው ላይ ካለው የድርጅት ገጽ ጋር ተያይዞ የሚሠራ ነጻ ዌብሳይት ይሰጥ ነበር። በማርች 2024 እ.ኤ.አ. አገልግሎቱን አቆመው፤ ገጾቹም ጠፉ። ማንንም አልበደለም፣ ቀድሞም አስታውቋል፤ ነጻ የሰጠውን ነጻ ወሰደ። አድራሻውን በቢዝነስ ካርዱና በማስታወቂያው ላይ ያሳተመ ነጋዴ ግን ካርዱን እንደገና ማሳተም ነበረበት። በራሱ ዶሜይን፣ ማለትም በዓመት ከ10 እስከ 15 ዶላር ገደማ በሚከፈልበት የራሱ ስም ላይ የነበረው ደግሞ ከኋላ ያለውን ዌብሳይት ቀይሮ አድራሻውን እንደያዘ ቀጠለ።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይመጣል፦ ኢንተርኔት ራሱ ሲቋረጥስ? የሰኔ 2012ቱ መቋረጥ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ የራሱ ዌብሳይት ያለውም የሌለውም እኩል ጨልሞበት ነበር። እውነት ነው፤ ዌብሳይት ከመቋረጥ አያድንም። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ሁሉም ዌብሳይት ያሠራ የሚል አይደለም። መዝገቡ የነጋዴው ይሁን የሚል ነው። መዝገብ ደግሞ በኮምፒውተር ላይ ያለ የኤክሴል ሠንጠረዥም ሊሆን ይችላል፣ ደብተርም ሊሆን ይችላል፤ ኢንተርኔት በጠፋ ቀን ስልክ ለመደወል ሁለቱም ይበቃሉ። በዚህ ሚዛን ሲታይ ጥሩ ሠንጠረዥ ያለው የቴሌግራም ሻጭ፣ ያማረ ዌብሳይት አሠርቶ የይለፍ ቃሉን ከማያውቅ ነጋዴ ይበልጣል።

ዌብሳይት ወደሚያስፈልገው ነጋዴ ስንመጣ፣ በብዛት የሚነሡት ሁለቱ ሾፒፋይና ዉኮሜርስ ናቸው። ሾፒፋይ በካናዳ ኦታዋ የተወለደ ነው፤ መሥራቾቹ በ2004 እ.ኤ.አ. የበረዶ መንሸራተቻ ሰሌዳ በኢንተርኔት ሊሸጡ ሲነሡ በገበያው ላይ ያገኙት የሱቅ ሶፍትዌር አልዋጥላቸው ብሎ የራሳቸውን ሠሩ፣ ሰሌዳውን ትተው ሶፍትዌሩን መሸጥ ጀመሩ። ጥንካሬውም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፤ ነጋዴ ለነጋዴ የሠራው ነው። አንድ ሰው በሁለትና ሦስት ቀን ሱቁን ያቆማል፣ ክምችቱ በራሱ ይቀነሳል፣ ቁጥር 38 ሲያልቅ ገጹ ላይ «አልቋል» ይላል። ከመውጫው አንጻርም አይከፋም፤ የዕቃውና የደንበኛው ዝርዝር በኤክሴል በሚከፈት ፋይል ይወርዳል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ነጋዴ ሾፒፋይ የሚያስቸግረው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ኪራዩ በዶላር ነው። መነሻ ፓኬጁ በየወሩ ለሚከፍል ሰው 39 ዶላር ነው እንበል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲመነዘር ወጪው 2,223 ብር ነበር። የብር ምንዛሪ በገበያ ይመራ ከተባለ በኋላ ዶላር 130 ብር ሲገባ ያው 39 ዶላር 5,070 ብር ሆነ። ሾፒፋይ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ነጋዴው ከእጥፍ በላይ ከፈለ፤ ያውም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ካገኘ። በዚያ ላይ የሾፒፋይ የራሱ የክፍያ አገልግሎት ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። በመነሻ ፓኬጁ ላይ የሌላ ድርጅት የክፍያ መግቢያ ሲገናኝ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 2 በመቶ ይቆረጣል፤ ደንበኛው ዕቃው ሲደርሰው በካሽ ቢከፍል ወይም በባንክ ቢያስተላልፍ ይህ አይታሰብም፣ ግን ያኔ ወደ ስክሪንሾቱና ወደ ኤፍቲ ቁጥሩ ተመልሰናል።

ክፍያው ነው እንግዲህ የብዙውን ሰው ምርጫ የሚቆርጠው። ውጭ አገር የተጻፈ ምክር ሁሉ ስትራይፕን ወይም ፔይፓልን አገናኝና ጨርስ ይላል። ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚኖር ነጋዴ አካውንት አይከፍትም፤ በፔይፓልም ኢትዮጵያ ሆኖ የሽያጭ ገንዘብ መቀበል አይቻልም። የእኛ ገዢ የሚከፍለው በግንቦት 2013 በጀመረው ቴሌብር፣ በ2015 መጨረሻ በገባው ኤምፔሳ፣ በንግድ ባንክና በሌሎች ባንኮች መተግበሪያ ነው። እነዚህን ወደ አንድ መክፈያ ገጽ የሚያመጡ እንደ ቻፓ፣ ሳንቲምፔይና አሪፍፔይ ያሉ አገርኛ ድርጅቶች ተፈጥረዋል። ስለዚህ መድረክ የሚመርጥ ሰው መጠየቅ ያለበት ከእነዚህ ከአንዳቸው ጋር ያለ ብዙ ጣጣ ይገናኛል ወይ ብሎ ነው። ክፍያው በራሱ ሲረጋገጥ ሻጯ የባንክ መልእክት መፈለጓን ትተዋለች፤ ጫማውም መጀመሪያ ለከፈለችው ይያዛል።

ዉኮሜርስ በዚህ በኩል ይቀላል። በዎርድፕረስ ላይ የሚጫን ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የዎርድፕረስ ዶት ኮም ባለቤት የሆነው አውቶማቲክ ገዛው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ የአገር ውስጥ መክፈያ ማገናኘት የባለሙያ ሥራ እንጂ የፈቃድ ጉዳይ አይደለም፤ ለቻፓ የተዘጋጀ ማገናኛም አለ። ሙሉ መዝገቡ፣ ከደንበኛው ስልክ እስከ መጨረሻው ትዕዛዝ፣ ነጋዴው በተከራየው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፤ ሆስቲንጉ ካልተስማማው እንዳለ ገልብጦ ወደ ሌላ ይወስደዋል። ነጻ ነው ሲባል ግን ሶፍትዌሩ ነው እንጂ ጥበቃው አይደለም። በየጊዜው መታደስ አለበት፣ ቅጂው በየሳምንቱ ሌላ ቦታ መቀመጥ አለበት፣ ያልታደሰ ፕላግኢን ለሰርጎ ገቦች በር ይከፍታል። የሚከታተለው ሰው የሌለው የዉኮሜርስ ሱቅ በዓመቱ ወይ ይሰበራል ወይ ዋጋው ያረጀ ገጽ ሆኖ ይቀራል፤ ያኔ ቴሌግራሙ ይሻል ነበር።

«በሳምንት ሃያ ትዕዛዝ ላለው ሰው ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚለውም ሚዛን የሚደፋ ተቃውሞ ነው። በእኔ ግምት ለሃያ ትዕዛዝ ዌብሳይት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው እያንዳንዷ ሽያጭ ስትዘጋ ስም፣ ስልክ፣ ዕቃ፣ ቁጥርና ሰፈር የሚጻፍበት ሠንጠረዥ፣ በነጋዴው ስም የተገዛ ዶሜይንና ለጊዜው ወደ ቴሌግራሙ የሚመራ አድራሻ ነው። ትዕዛዙ ከአንድ ሰው አቅም ሲያልፍ ሠንጠረዡ ወደ ዉኮሜርስም ሆነ ወደ ሾፒፋይ በአንድ ጊዜ ይጫናል። ቴሌግራሙም አይዘጋም፤ ማስታወቂያው እዚያ ይቀጥላል፣ ክፍያውና መዝገቡ ግን ሌላ ቤት ይኖራቸዋል። የሰው ስልክና አድራሻ የያዘ ኃላፊነት እንዳለበትም መዘንጋት የለበትም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና ዝርዝሩ ለጎረቤት ሻጭ የሚታደል አይደለም።

አሜሪካ ሆነው የሐበሻ ቀሚስና ቅመም ለሚሸጡ ወገኖች ሂሳቡ ይለወጣል። ስትራይፕም የሾፒፋይ ክፍያም ክፍት ነው፣ ዶላሩም የቤት ገንዘባቸው ነው፤ ስለዚህ ለእነሱ ሾፒፋይ ብዙ ጊዜ ትክክለኛ ምርጫ ነው። የእነሱ ፈተና እንደ ኤትሲ ያለው የጋራ ገበያ ነው። ኤትሲ ገዢ ያመጣል፣ ግን በኤፕሪል 2022 እ.ኤ.አ. ከሽያጭ የሚወስደውን ከ5 ወደ 6.5 በመቶ ሲያሳድግ ሻጮች ለአንድ ሳምንት ሱቃቸውን ዘግተው አደሙ፤ ጭማሪው ግን ጸና። በ120 ዶላር ቀሚስ ላይ 6 ዶላር የነበረው 7 ዶላር ከ80 ሳንቲም ሆነ። እዚያ የተገኘን ገዢ አድራሻ ያለ ፈቃዱ ለራስ ማስታወቂያ መጠቀምም በኤትሲ ደንብ ክልክል ነው።

አገር ቤት ላለው ነጋዴ የመጨረሻው ሥራ የሚቀረው ከዌብሳይት ሠሪው ጋር ሲዋዋል ነው። ዶሜይኑ የሚመዘገብበት ኢሜይል የነጋዴው የራሱ ኢሜይል ይሁን፤ በብዙ ውል ላይ የሚመዘገበው በሠሪው ኢሜይል ነው፣ ሠሪው ስልክ ያላነሳ ዕለት ሱቁ ተያዘ ማለት ነው። የሆስቲንጉ፣ የዎርድፕረሱና የመክፈያው የይለፍ ቃል ቀሪው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት በእጅ ይግባ። ከዚያ ነጋዴው ባለሙያው አጠገቡ ቆሞ ሳለ ራሱ ይግባና የደንበኛና የትዕዛዝ ዝርዝሩን አውርዶ በኤክሴል ይክፈተው። ስሞቹ በአማርኛ በትክክል ከታዩ፣ ከስልኮቹ ፊት ያለው ዜሮ ካልጠፋ፣ ቀሪውን ይክፈል።